ሐተታ ያለ ሰሌዳ ኮምፒውተርን አያስተምርም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአማርኛ ሲጻፍ ቼዝ ከተነሳ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚያልቀው፤ ማሽኑ ሰውን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1997 የአይቢኤሙ ዲፕ ብሉ ጋሪ ካስፓሮቭን 3½ ለ2½ መርታቱ ይወሳል። ከዚያ በ2017 ይፋ የሆነው አልፋዜሮ አንድም የሰው ጨዋታ ሳያይ፣ ከራሱ ጋር ብቻ ተጫውቶ የዘመኑን ምርጥ ፕሮግራም መብለጡ ይከተላል። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያውስ ባለሙያዎች ስለ ጨዋታ የጻፉት ሐተታ ለኮምፒውተር ምንም አይጠቅምም» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ግን ስህተት ነው። ነገሩን በቅርብ ለምናውቀው ሰዎች አሳሳቢ ስህተት ስለሆነ ይህን ጽፌያለሁ። ለስፖርት ገጻችሁም መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ።

አልፋዜሮ ያለ ሰው እርዳታ ተማረ ሲባል ዋጋው አብሮ መነገር አለበት። ለቼዝ ብቻ 44 ሚሊዮን ጨዋታ ከራሱ ጋር ተጫውቷል፤ ጨዋታዎቹን ለማመንጨት ብቻ ለዚሁ ሥራ የተሠሩ 5,000 የጉግል ቺፖች ተሰልፈውለታል። ይህን ሁሉ ወጪ የበላ ፕሮግራም ደግሞ የሚናገረው ቁጥር ነው፦ «ሲደመር 0.7»፣ ይቀድማል እንደ ማለት። ለጀማሪ «ፈረስህ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራል?» ብሎ አይመክርም። ያን የሚለው አሰልጣኝ ነው፤ የአሰልጣኙም ቃል የሚገኘው በሐተታ ውስጥ ነው። አቅሙ ውስን የሆነ ላቦራቶሪ ወይም ለተማሪ በአማርኛ የሚያስረዳ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው ከሐተታ ሌላ ብዙ መንገድ የለውም።

የሰው ጽሑፍ ወደ ማሽን መግባት የጀመረውም ዛሬ አይደለም። ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ ለንግሥት 9፣ ለሩክ 5፣ ለቢሾፕና ለፈረስ 3፣ ለወታደር 1 ነጥብ ሰጠ። ለተደራረበ፣ ለተነጠለና ወደኋላ ለቀረ ወታደር ደግሞ ግማሽ ነጥብ ቀነሰ። እነዚህ ሁሉ የቼዝ ሰዎች ለዘመናት በቃል ሲሉት የኖሩት ነገር በእጅ ወደ ቁጥር ሲለወጥ ነው። ዲፕ ብሉም ቢሆን ግራንድማስተሮች አጠገቡ ተቀምጠው ያስተካክሉት ነበር። አዲሱ ነገር፣ ቃሉን ወደ ቁጥር የመለወጡን ሥራ ለራሱ ለኮምፒውተሩ መስጠት ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ሥራዎች ሊታወቁ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኤምአይቲ ብራናቫንና ሬጂና ባርዚላይ፣ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ደግሞ ዴቪድ ሲልቨር ሆነው ሲቪላይዜሽን 2 የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የአጠቃቀም መመሪያ ለፕሮግራም ሰጡት። የትኛው ዓረፍተ ነገር ለየትኛው ሁኔታ እንደሚሆን ማንም አላሳየውም፤ የነበረው ምልክት የጨዋታው ውጤት ብቻ ነው። መመሪያውን ያነበበው ካላነበበው በግልጽ በለጠ። (ሲልቨር ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጎ ጨዋታውን አልፋጎንና አልፋዜሮን የሠራውን ቡድን የመራው ያው ሰው ነው።) በ2018 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ11 ሺህ ገደማ ጨዋታዎች 298 ሺህ ያህል የእርምጃና የሐተታ ጥንዶችን ሰበሰቡ። በ2019 ሴንቲሜት የተባለ ሥራ መጣ፤ መጀመሪያ ስለ እርምጃው ጥራት የሚናገሩትን ሐተታዎች ይለያል፣ ቀጥሎ ስሜታቸው ምስጋና ይሁን ወቀሳ ይፈርዳል፣ ያንን ፍርድ ይዞ እርምጃን የሚመዝን ሞዴል (ከዳታ የሚማር ፕሮግራም) ያሰለጥናል። አንድ እርምጃ ብቻ ወደፊት እያየ በዘፈቀደ የሚጫወትን ፕሮግራምና ዲፕቼስ የተባለውን ሞዴል አሸንፏል። ትንሽ ድል ነው፤ ከዚያ በላይ አድርጎ ማውራት አያስፈልግም። ግን መንገዱ እንዳለ አሳይቷል።

አሁን ወደ ችግሩ። ብዙዎች የሚጀምሩት «የተመሰገነ እርምጃ ጥሩ፣ የተወቀሰ መጥፎ» ብለው ነው። ይህ የት ላይ እንደሚሰበር በአንድ የታወቀ ወጥመድ ላሳይ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ በለጋል ስም የሚጠራው ነው፤ ሰሌዳ ያለው አንባቢ ቢደረድረው ደስ ይለኛል። ነጭ ወታደር ኢ4፣ ጥቁር ወታደር ኢ5። ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ወታደር ዲ6። ነጭ ቢሾፕ ሲ4፣ ጥቁር ቢሾፕ ጂ4። ነጭ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁር ወታደር ጂ6። አሁን ነጭ በኤፍ3 ያለውን ፈረስ አንስቶ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር ይበላል፤ ንግሥቱ ለጥቁር ቢሾፕ ክፍት ሆና ትቀራለች። ጥቁር ንግሥቲቱን ዲ1 ላይ ከበላት ነጭ በቢሾፕ ኤፍ7 ላይ ወታደር በልቶ ቼክ ይላል፣ ንጉሡ ኢ7 ይወጣል፣ ፈረስ ዲ5 ላይ ሲያርፍ ቼክሜት።

ባለሙያ ስለዚህ ምን ይጽፋል? «ነጭ ንግሥቱን አጣ፤ ጥቁር ትልቁን ሲሳይ አፈሰ።» ቃላቱን ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ለነጭ «አጣ» የሚል መቀነሻ፣ ለጥቁር «ሲሳይ» የሚል መጨመሪያ ይጽፋል። እውነቱ ግልባጩ ነው፤ የጨዋታው ገዳይ ስህተት ንግሥቲቱን መብላቱ ነው። ጥቁር ፈረሱን በዲ ወታደር ቢበላው ይሻለው ነበር፤ ያኔ የነጭ ንግሥት ጂ4 ያለውን ቢሾፕ ትበላና ነጭ በአንድ ወታደር ብቻ ይቀድማል።

ከዚህም የባሰ አለ። ጥቁር ጂ6 በመግፋት ፈንታ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ ቢሆን፣ ያው የነጭ መስዋዕትነት ኪሳራ ይሆን ነበር። የጥቁር ፈረስ ኢ5 ላይ ያለውን የነጭ ፈረስ ይበላል፣ በዚያውም ጂ4 ያለውን ቢሾፕ ይጠብቃል፤ ነጭ አንድ ፈረስ ከፍሎ ያገኘው አንድ ወታደር ብቻ ነው። ሁለቱ ሰሌዳዎች የሚለያዩት በአንድ የጥቁር እርምጃ ነው። «ድንቅ መስዋዕትነት» የሚለው ሐተታ በአንደኛው እውነት፣ በሁለተኛው ውሸት። ስለዚህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ማስተማሪያ አይሆንም። ማስተማሪያ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲታሰር ነው፦ ከእርምጃው በፊት ያለው ሰሌዳ፣ እርምጃው፣ ዓረፍተ ነገሩ።

ሰሌዳውን ለማሽን መስጠት ቀላል ነው። 6 ዓይነት ጠጠር በሁለት ቀለም 12 ይሆናል፤ 12 በ64 ሲባዛ 768 ዜሮና አንድ። በዚያ ላይ ተራው የማን እንደሆነ፣ አራቱ የሩክና የንጉሥ መቀያየር መብቶች፣ ወታደርን በማለፍ ላይ የመብላት ዕድል ይጨመራል። የሚያስቸግረው ዓረፍተ ነገሩን ማሰር ነው። በተለመደው ፒጂኤን በተባለው የጨዋታ አጻጻፍ ሐተታ በጠምዛዛ ቅንፍ ውስጥ ከእርምጃው ቀጥሎ ይቀመጣል፤ አማራጭ መስመር ደግሞ በተራ ቅንፍ። ጸሐፊው ግን ደንቡን ላያከብር ይችላል። «አሁን ነጭ ከባድ ስህተት ይሠራል» ብሎ ከእርምጃው በፊት ከጻፈ፣ ወቀሳው ባለፈው የጥቁር እርምጃ ላይ ይለጠፋል። በአንድ እርምጃ መንሸራተት ከሁሉም በላይ ዳታ የሚያበላሽ ነገር ነው፤ ሞዴሉ ስለማይጮህ ደግሞ ሳይታወቅ ያልፋል። መጀመሪያ ሊፈተሽ የሚገባውም እሱ ነው፤ ሐተታው የሚጠቅሰው ጠጠርና ካሬ ከተለጠፈበት እርምጃ ጋር ካልገጠመ አንድ ወደፊት ማየት።

በተራ ቅንፍ ያለው አማራጭ መስመርም መዘለል የለበትም። ፕሮግራሙ ሰሌዳውን አንድ እርምጃ ወደኋላ መልሶ አማራጩን ተጫውቶ ሐተታውን እዚያ ላይ ማሰር አለበት። ብዙ ጊዜ ምርጡ ትምህርት ያለው እዚያ ነው፤ ባለሙያ «ለምን አይሆንም» የሚለውን የሚያስረዳው ባልተደረገው እርምጃ ነውና።

ቀጥሎ መለየት ይመጣል። የ2018ቱ ሥራ ሐተታን በስድስት ከፍሎታል፦ እርምጃውን ብቻ የሚገልጽ፣ ጥራቱን የሚፈርድ፣ ከሌላ እርምጃ ጋር የሚያነጻጽር፣ ዓላማውን የሚያስረዳ፣ ስለ ጨዋታው አጠቃላይ ሁኔታ የሚያወራ፣ እና ሌላ ሌላው። ለፍርድ የሚሆኑት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ አራተኛው ለተማሪ ማብራሪያ ወርቅ ነው፤ የመጨረሻው በአብዛኛው ይጣላል። 500 ያህል ሐተታ ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ቢፈርጁና ከ10 በ8ቱ ላይ ካልተስማሙ፣ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የመመሪያው ነው፤ መመሪያውን አስተካክሎ እንደገና መጀመር ነው። ቃለ አጋኖና ጥያቄ ምልክት ያለበት ሐተታ ከተገኘ ደግሞ ፈራጅ አያስፈልግም። እነዚህ ምልክቶች በፒጂኤን በቁጥር ይጻፋሉ፤ 1 ጥሩ፣ 2 ደካማ፣ 3 ድንቅ፣ 4 ከባድ ስህተት፣ 5 ትኩረት የሚስብ፣ 6 አጠራጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቤልግሬድ መታተም የጀመረው ቼስ ኢንፎርማንት የተባለው የቼዝ መጽሔት ለአሥርት ዓመታት ሐተታን በዋናነት በምልክት ሲያሰፍር ኖሯል፤ ለማሽን ከዚህ የተመቸ ሲሳይ የለም።

የሐተታ ጸሐፊ ሁለት የታወቁ ጠባዮች አሉት። አንደኛው ውጤቱን አውቆ መጻፉ ነው። ያሸነፈው ሰው እርምጃ ሁሉ «ጥልቅ ዕቅድ» ይሆናል፣ የተሸነፈው ያው ዓይነት እርምጃ «ማመንታት»። ሞዴሉ ከዚህ የሚማረው ቼዝ ሳይሆን ማን እንዳሸነፈ መገመት ነው። ስለዚህ የተጫዋቾች ስምና ውጤት ከጽሑፉ መውጣት አለባቸው፤ «ካስፓሮቭ» የሚለው ስም ብቻውን አንድን እርምጃ ሊያስመሰግን ይችላል። ሁለተኛው ዝምታው ነው። ማንም ጸሐፊ «የተበላውን መልሶ በላ፣ ጥሩ አደረገ» ብሎ ቀለም አያባክንም። በዚህ የሰለጠነ ሞዴል መስዋዕትነት ይወዳል፤ የተበላበትን መልሶ መብላት ግን አያውቅም። መድኃኒቱ ሐተታ የሌላቸውን እርምጃዎች «መካከለኛ» ብሎ ማስገባት ነው፤ በእኔ ግምት ቢያንስ ሐተታ ካላቸው ጋር እኩል ቢሆኑ ይመረጣል።

ለስልጠና፣ ለማስተካከያና ለፈተና ሲከፈልም 80፣ 10፣ 10 በመቶ የሚባለው በጨዋታ እንጂ በዓረፍተ ነገር አይደለም። የለጋል ወጥመድ በመቶ ጨዋታ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ያው ሰሌዳ በስልጠናውም በፈተናውም ከገባ ሞዴሉ ሸምድዶ 95 በመቶ ያመጣል። ተመሳሳይ ሰሌዳዎችን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው።

ከዚያ በኢንጂን (ቼዝ በሚጫወትና በሚመዝን ጠንካራ ፕሮግራም) መፈተሽ። ስቶክፊሽ በነጻ ይገኛል፤ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ምርጡንና የተደረገውን እርምጃ አስመዝኖ ልዩነቱን ማየት ነው። ከግማሽ ወታደር ያነሰ ልዩነት ይታለፍ። ሐተታው አመስግኖ ኢንጂኑ ከሁለት ወታደር በላይ ካወረደ ሰው ይይ። ከሦስት ነገር አንዱ ይገኛል፦ ሐተታው ተንሸራቷል፤ ወይም ጸሐፊው ተሳስቷል፤ ወይም ጸሐፊው የሚያወራው ስለ ሰው ነው፣ «ለመከላከል እጅግ የሚያስቸግር» እያለ። ሦስተኛውን አትጣሉት። ኢንጂን የማያውቀው ነገር ነው።

ሞዴሉ ከተሠራ በኋላ የት እንደሚቀመጥም ወሳኝ ነው። ከሐተታ የተማረን ሞዴል የመጨረሻ ፈራጅ አድርጎ ብዙ እርምጃ ወደፊት የሚያይ ፍለጋ ውስጥ ማስገባት አይመከርም። ፍለጋ በሺህ ከሚቆጠሩ ሰሌዳዎች ከፍተኛ ነጥብ ያለውን ያነሳል፤ ከፍተኛ ነጥብ የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሞዴሉ የተሳሳተበት ሰሌዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሐተታው የትኞቹ እርምጃዎች ቅድሚያ ይታዩ የሚለውን ይምረጥ፤ ፍርዱን ኢንጂኑ ይስጥ፤ ማብራሪያውን እንደገና ሐተታው።

አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከእንግሊዝኛ የተዘጋጀ መሣሪያን እንዳለ ማምጣት አያዋጣም። «ፈረሱን በላው፤ ከዚያ በኋላ ንግሥቱን ማዳን አልቻለም» በሚለው ውስጥ የበላው ነጭ፣ ያልቻለው ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ግሦቹ ሁለቱንም «እሱ» ነው የሚሉት። የሚለየው ሰሌዳው ነው፤ ፈረሱን መብላት የሚችል ጠጠር ያለው ማን እንደሆነ አይቶ ከስልጠና በፊት «ነጭ» ወይም «ጥቁር» ብሎ ማስገባት ይቻላል። «በላችው» ካለ ደግሞ የበላችው ንግሥት የመሆኗ ዕድል ሰፊ ነው፤ ተጫዋቿ ሴት ካልሆነች። በሌላ በኩል ቃላትን ወደ ሥርወ ቃላቸው የሚቆርጡ ፕሮግራሞች እዚህ አደጋ ናቸው። «በላው»፣ «ቢበላው ኖሮ»፣ «ሳይበላው»፣ «እንዳይበላው» ሁሉም «በላ» ይሆኑና የተደረገውና ያልተደረገው ይቀላቀላል። ፊደል ግን መስተካከል አለበት፤ ንጉሥና ንጉስ፣ ሠዋና ሰዋ፣ ኃይለኛና ሀይለኛ ለማሽኑ ሁለት ሁለት ቃል ናቸው። ስላቅም አለ። «ጎበዝ! ንግሥትህን በነጻ መርቀህ ሰጠህ» የሚለውን ሞዴሉ እንደ ምስጋና ቢመዘግበው አይፈረድበትም።

የሐተታ ጥቅም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በእኛው ጨዋታዎች ላይ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በዘገቡት የቀድሞው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረጅ፣ ማሸነፍ ብቻውን አያኮራም ነበር። በፈረስ ወይም በደር (በሩክ) መጨረስ እንደ ጥበብ አይቆጠርም ነበር፤ በፊል (በቢሾፕ ቦታ ባለው)፣ በፈርዝ (በንግሥት ቦታ ባለው)፣ ይልቁንም በመደቅ (በወታደር) መጨረስ ያስመሰግን ነበር። «ማሸነፍ 1፣ መሸነፍ 0» ተብሎ ከራሱ ጋር የሚጫወት ፕሮግራም ይህን በሚሊዮን ጨዋታም አይደርስበትም፤ ያለው በሰዎች አንደበት ነው። የአመዘጋገብ ችግርም አለ። ወረራ በሚባለው የሰንጠረጅ መክፈቻ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ስለነበር «አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር» የሚለው አጻጻፍ አይሠራም፤ የማን እጅ እንደቀደመ በቅደም ተከተል መመዝገብ አለበት። ገበጣ ላይ ደግሞ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የረድፉና የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥር፣ የመዝሪያው አቅጣጫና የመብያው ሕግ ከጨዋታው በላይ ካልተጻፈ ሐተታው ለማንም አይገባም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ዓምድ ብትሆንም፣ አንድ ጨዋታ ከአማርኛ ሐተታ ጋር ብታትሙ። ጨዋታው ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው ይሙላ፤ መሐል ተቆርጦ የተጀመረ ጨዋታ ሰሌዳው አይታወቅም። እያንዳንዱ ሐተታ የእርምጃ ቁጥርና ቀለም ይያዝ፣ ከእርምጃው ቀጥሎ ይቀመጥ፤ ያልተደረገ አማራጭ በቅንፍ ይግባ። ከስድስቱ ምልክቶች አንዱ ይታከልበት። ቢሾፕ ወይስ ጳጳስ፣ ሩክ ወይስ ግንብ የሚለውን አንዴ ወስናችሁ እሱኑ ያዙ። በድረ ገጻችሁ ሲወጣ በፎቶ ሳይሆን በዩኒኮድ ጽሑፍ ይሁን፤ በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ገጽ ሲገለበጥ ትርጉም አልባ ምልክት ነው የሚሆነው። የሐተታው ባለቤት ጸሐፊው ስለሆነ (የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከታል) ለምርምርና ለማስተማሪያ መዋል እንደሚችል ፈቃዱን አስቀድሞ በጽሑፍ መቀበል ይቀላል፤ ከዓመታት በኋላ ጸሐፊዎችን አንድ በአንድ ፈልጎ ማስፈረም አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢያችሁ አንዱ